ልጁ ስንት ሰዓቱ ነው? የአራስ ሕፃን ቢጫነትን ደረጃ በደረጃ የመከታተያ መመሪያ

ቢጫ የሆነ አራስ ይዛችሁ ወደ ጨቅላ ሕፃናት ክፍል ስትገቡ ነርሷ ከሁሉ አስቀድማ የምትጠይቃችሁ «ስንት ሰዓት ላይ ተወለደ?» ብላ ነው። አባት «ማክሰኞ» ይላል። አያት «ትናንት ወዲያ» ይላሉ። ነርሷ ግን ሰዓቱን እስክታገኝ አትለቃችሁም። በ20 ሰዓቱ ቢጫ የሆነ ልጅና በ70 ሰዓቱ ቢጫ የሆነ ልጅ አልጋ ላይ ጎን ለጎን ቢተኙ መልካቸው አንድ ነው፤ ጉዳያቸው ግን ለየቅል ነው።

በመሀል አዲስ አበባ በእንዲህ ዓይነት ክፍል ውስጥ ለዓመታት በነርስነት ሠርቻለሁ። እዚያ ካየኋቸው ልጆች አብዛኞቹ ያለምንም ጉዳት ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። የማልረሳቸው ሁለት ቀን ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ምንም የማይሆኑትን ነው። ይህን የምጽፈውም ለእነዚያ ሁለት ቀናት ስል ነው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ጻፉ

ልጁ የተወለደበትን ቀንና ሰዓት በወረቀት ጽፋችሁ ከአራሷ አልጋ አጠገብ አኑሩ። ቀላል ነገር ይመስላል፤ አይደለም። የሆስፒታል ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት የተወለደ ልጅ ወረቀቱ ላይ 3:00 ይባላል፤ አባት ያንን አንብቦ «ጠዋት 3 ሰዓት» ይላል፤ እንዲሁ በቀላሉ 6 ሰዓት ጠፋ። እኔም አንድ ሌሊት ተረኛ ሆኜ ይህንኑ ገልብጬ ተሳስቼ የአንድን ሕፃን ዕድሜ በ6 ሰዓት አስረዝሜ መዝግቤያለሁ። ሕክምና የሚጀመርበት ልክ ከዕድሜው ጋር ከፍ ይላል፤ ሐኪሙ እናቲቱን ደግሞ ባይጠይቃት ኖሮ ሕክምና የሚያስፈልገውን ልጅ «ገና ነው» ብለን ልናሳድረው ነበር። ስለዚህ ስትጽፉ «ከሌሊቱ»፣ «ከጠዋቱ»፣ «ከምሽቱ» የሚለውን ቃል አትዝለሉት።

ሰዓቱ ከታወቀ በኋላ መለኪያው ይህ ነው፦

በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የታየ ቢጫነት ሁልጊዜ የሐኪም ጉዳይ ነው። ቀለል ያለ ቢመስልም፣ ልጁ ቢጠባም፣ ሌሊት ቢሆንም አይታደርም።

በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ጀምሮ ከ3ኛው እስከ 5ኛው ቀን የሚበረታ፣ ከዚያ እየቀለለ የሚሄድ ቢጫነት አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ዓይነት ነው። የተለመደ ማለት የማይከታተሉት ማለት አይደለም።

14 ቀን አልፎት ያልለቀቀ፣ ያለጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ 21 ቀን ያለፈው ቢጫነት ሌላ ጥያቄ ያስነሳል፤ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ።

ቢጫው ከየት መጣ?

ሕፃን በማኅፀን ሳለ የሚያገኘው ኦክስጅን አነስተኛ ስለሆነ በርከት ያለ ቀይ የደም ሴል ይዞ ይወለዳል። እነዚህ ሴሎች ዕድሜያቸው አጭር ነው፤ የአዋቂ ሰው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ሲኖር የአራስ ልጅ ከ70 እስከ 90 ቀን ነው። ሴሉ ሲፈርስ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ይወጣል። እስከ ትናንት ድረስ ይህን ቆሻሻ በእንግዴ ልጅ በኩል የምታስወግድለት እናቱ ነበረች። ዛሬ ሥራው በራሱ ጉበት ላይ ወደቀ፤ ጉበቱ ደግሞ ለሥራው እንግዳ ነው። ጉበቱ እንደምንም አጣርቶ ወደ አንጀት የሰደደው ቢሊሩቢን እንኳ ልጁ ቶሎ ካልተጸዳዳ ከአንጀት ተመልሶ ወደ ደም ይገባል።

ለዚህ ነው ጊዜያቸውን ጨርሰው ከተወለዱ 10 ሕፃናት 6ቱ ገደማ፣ ያለጊዜያቸው ከተወለዱ 10 ደግሞ 8ቱ ገደማ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ የሚሆኑት። ነገሩ የሚከፋው ቢሊሩቢኑ ከመጠን አልፎ ወደ አንጎል ሲገባ ነው። ያን ጊዜ የሚደርሰው ጉዳት የሰውነት እንቅስቃሴንና የመስማት ችሎታን ሊያሳጣ ይችላል፤ ከደረሰ በኋላም አይመለስም።

ስለ ስሙም አንድ ነገር ልበል። ቢጫነት በታየ ቁጥር «የወፍ በሽታ ነው» የሚሉ አሉ። አዋቂ ሰው የወፍ በሽታ ያዘው ሲባል አብዛኛውን ጊዜ የጉበት ሕመም ነው፤ የአራስ ልጅ ቢጫነት ግን ከላይ እንዳልኩት በአብዛኛው ሌላ መነሻ አለው። ለወፍ በሽታ ተብሎ የሚጨመቅ ቅጠል ለአራስ ልጅ አፍ አይደርስም። በዚህ ላይ አልደራደርም።

መጋረጃውን ክፈቱ

የእኛ አራስ ቤት ጨለማ ነው። ብርድ እንዳይገባ፣ ምች እንዳይመታቸው፣ ዓይን እንዳያርፍባቸው ተብሎ መጋረጃው ይወርዳል፤ ልጁም በፎጣና በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከእናቱ ጎን ይተኛል። ፍቅር ነው፤ ግን ቢጫነትን የሚደብቅ ፍቅር ነው።

ባለፈው ክረምት አራት ኪሎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የወለደችን የእህቴን ልጅ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልል ሄድኩ። ልጁ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ክፍሉ ውስጥ የሚበራው ቢጫ አምፖል ነው፤ ልጁ የለበሰው ከጎረቤት የተሰጠ ቢጫ ቱታ ነው። በዚያ ብርሃን ሁላችንም ቢጫ ነበርን። መጋረጃውን ልገልጥ ስነሳ የባሏ እናት ከገንፎው ቀና ብለው «ልጄ፣ ተይው፣ ብርድ ይመታዋል» አሉኝ። «እማማ፣ ለሁለት ደቂቃ ብቻ ይፍቀዱልኝ» አልኳቸው። መስኮቱን ሳልከፍት መጋረጃውን ብቻ ገለጥኩ፤ ልጁን ነጭ ነጠላ ላይ አስተኝቼ ቱታውን እስከ እምብርቱ ፈታሁ። ደረቱን በጣቴ ጫን አድርጌ ስለቅ ጣቴ ያረፈበት ቦታ እንደ እንቁላል አስኳል ብቅ አለ። ሆዱም እንዲሁ። ውስጥ እግሩ ግን ንጹህ ነበር። እማማ መነጽራቸውን አድርገው መጡና «እኔስ መልከ ቀይ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር» አሉ።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ፤ በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ ሁለት ጊዜ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ። የቀን ብርሃን ያስፈልጋል፤ የስልክ ባትሪና አምፖል ያታልላሉ። ከልጁ ሥር የምታነጥፉት ነጭ ይሁን። ግንባሩን ወይም አፍንጫውን በጣታችሁ ለአፍታ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁ፤ ደሙ ሸሽቶ እስኪመለስ ባለው ቅጽበት የቆዳው መሠረታዊ ቀለም ይታያል። ከዚያ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን፣ በመጨረሻም መዳፍና ውስጥ እግር። ቢጫነት ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ ውስጥ እግር ከደረሰ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ከፍ ብሏል ማለት ነውና ሳትውሉ ወደ ሕክምና ሂዱ።

ጠየም ያለ ቆዳ ላይ ይህ ዘዴ ብቻውን አይበቃም። የታችኛውን የዓይን ቆብ ቀስ ብላችሁ ሳብ አድርጋችሁ ነጩን ክፍል እዩ፤ ልጁ ሲያለቅስ ወይም ሲያዛጋ ድዱንና ምላሱን እዩ። የተለማመደ የሐኪም ዓይን እንኳ መጠኑን በመልክ ብቻ ሲገምት ይሳሳታል። የእናንተ ሥራ ቢጫነት መኖሩንና ወደ ታች መውረዱን መለየት ነው፤ መጠኑን የሚነግራችሁ ምርመራ ነው።

ጡትና ዳይፐር

ቢሊሩቢን ከልጁ አካል የሚወጣበት ዋናው በር ዓይነ ምድር ነው። በሩን የሚከፍተው ደግሞ እንገር ነው። እንገርን «ቆሻሻ ነው» ብሎ አልቦ የሚደፋ ቤተሰብ ዛሬም አለ፤ ያ ወፍራም ቢጫ ወተት ልጁን ከበሽታ ከመጠበቁ ሌላ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቀውን የመጀመሪያ ጥቁር ዓይነ ምድር ጠርጎ ያወጣል። ልጁ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት ይያዝ። ከዚያ በኋላ ቀንና ሌሊት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ።

የስኳር ውሃ፣ ንጹህ ውሃ፣ ለጋ ቅቤ ማቅመስ ቢጫነቱን አያወርዱም። ሆዱን ሞልተው ጡት ስለሚያስተዉት ጭራሽ ያባብሱታል።

ቢጫ የሆነ ልጅ እንቅልፋም ይሆናል፤ ይህ ወጥመድ ነው። «ጨዋ ልጅ ነው፣ አያስቸግርም» እየተባለ 5 እና 6 ሰዓት ሳይጠባ ይተኛል። ከ3 ሰዓት በላይ ከተኛ ልብሱን ፈታ አድርጋችሁ፣ ውስጥ እግሩን አሸት አሸት አድርጋችሁ ቀስቅሱት። ቀስቅሳችሁት ካልነቃ፣ ወይም ነቅቶ ጡት መያዝ ካቃተው ግን መቀስቀሱን ትታችሁ ተነሱና ሂዱ።

በቂ ወተት ማግኘቱን የሚነግራችሁ ዳይፐሩ ነው። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ ጊዜ፣ በሁለተኛው ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው ሦስት ጊዜ ያረጥባል፤ ከ5ኛው ወይም ከ6ኛው ቀን በኋላ በቀን 6 እና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ጥቁሩ ዓይነ ምድር በ3ኛው ቀን አረንጓዴ፣ በ4ኛውና በ5ኛው ቀን ሰናፍጭ የመሰለ ቢጫ ይሆናል። በ5ኛው ቀን ገና ጥቁር ከሆነ ወተቱ አልደረሰውም ማለት ነው። ክብደቱም ሲወለድ ከነበረው ከ10 በመቶ በላይ ከቀነሰ፣ ለምሳሌ 3 ኪሎ የነበረው ልጅ ከ2 ኪሎ ከ700 ግራም በታች ከወረደ፣ አጠባቡን የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል።

የትኛው ልጅ ይበልጥ ያሰጋል?

ከሁሉ አስቀድሞ የደም ዓይነት። ድሮ አንዲት ሴት ስትወልድ ስትወልድ ልጆቿ ሲሞቱባት «ሾተላይ አለባት» ይባል ነበር። ከዚያ ታሪክ ውስጥ አንዱ ክፍል ዛሬ ግልጽ ማብራሪያ አለው፦ የእናት ደም ነጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የእናቲቱ አካል የልጁን ደም እንደ ባዕድ ይቆጥርና የሚያፈርስ መከላከያ ያበጃል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል፤ መከራው በቀጣዮቹ ላይ ይበረታል። ሾተላይ ዛሬ መከላከያ አለው፤ አንቲ ዲ የሚባለው መርፌ ፖዘቲቭ ልጅ በተወለደ በ72 ሰዓት ውስጥ ለእናቲቱ ይሰጣል። ነጌቲቭ መሆኗን የምታውቅ ነፍሰ ጡር ይህን መርፌ ቀደም ብላ ማፈላለግ አለባት፤ ምጥ ከያዛት በኋላ ባል ከፋርማሲ ፋርማሲ ሲሮጥ ብዙ አይቻለሁ። እናት ኦ፣ ልጅ ኤ ወይም ቢ ሲሆኑም ተመሳሳይ ነገር ይፈጠራል፤ ብዙ ጊዜ ቀለል ይላል፣ ግን በመጀመሪያው ልጅም ሊከሰት ይችላል።

ከዚህ ሌላ ያለጊዜው የተወለደ፣ በምጥ ጊዜ ጭንቅላቱ ላይ ደም ቋጥሮ ያበጠ፣ ኢንፌክሽን ያለበት፣ ታላቅ ወንድሙ ወይም እህቱ በቢጫነት ምክንያት ሆስፒታል የብርሃን ሕክምና ያገኙ ልጅ ክትትሉ ጠበቅ ይበል።

አንድ የማይጠረጠር ነገር ልጨምር፤ ናፍታሊን። ጂ6ፒዲ የተባለው ኤንዛይም የሚያንሳቸው ሕፃናት አሉ፤ በዘር የሚተላለፍ ሲሆን በወንዶች ላይ ይበዛል። ናፍታሊን ተደርጎበት ቁም ሣጥን ውስጥ የከረመ የታላቅ ወንድሙ ልብስና ብርድ ልብስ የእንዲህ ዓይነቱን ልጅ ደም ሊያፈርስ ይችላል። ማን እንዳለበት አስቀድሞ አይታወቅምና ናፍታሊንን ከአራስ ቤት አርቁ።

የጠዋት ፀሐይስ?

ፀሐይ በእርግጥ ቢሊሩቢንን ትሰብራለች። የብርሃን ሕክምናም የተገኘው በዚሁ ነው። በ1956 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል የምትሠራ ጂን ዋርድ የተባለች ነርስ ሕፃናቱን ወደ ግቢው ፀሐይ ታወጣ ነበር። አንድ ቀን አንሶላ ሸፍኖት የዋለው የልጁ ገላ ቢጫ ሆኖ ቀርቶ ፀሐይ ያገኘው ክፍል ሲነጣ አይታ ለሐኪሞቹ አሳየቻቸው። ነርስ ስለሆንኩ ይህን ታሪክ ባገኘሁት አጋጣሚ ሁሉ አወራዋለሁ።

ይሁን እንጂ እኛ ልጅ ፀሐይ ስናሞቅ የምናደርገውን አስቡት፤ ከአንገት በታች ተጠቅልሎ ፊቱ ብቻ ለ10 ደቂቃ ይታያል። ይህ ለሕክምና አይበቃም። ራቁቱን ለረጅም ጊዜ እናውጣው ቢባል ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር የምትበልጥ ከተማ ናት፤ ጠዋቷ ብርድ፣ ረፋዷ የሚያቃጥል ፀሐይ ነው። የሁሉም የሁሉም ግን የምፈራው ሌላ ነገር አለ፦ ፀሐይ ቆዳውን ታነጣዋለች፤ ደሙ ውስጥ ያለው ግን ገና ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ቤተሰቡ «ለቀቀው» ብሎ ይዘናጋል። ለአጥንቱ ፀሐይ ማሞቅ የራሱ ጊዜና ወግ አለው፤ ለቢጫነት ብላችሁ ፀሐይ ላይ ቀን አትቁጠሩ።

መቼና ወዴት?

ወዲያውኑ፣ በሌሊትም ቢሆን የሚኬደው፦ ቢጫነቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ከታየ፤ መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ፤ ልጁ መጥባት ካቆመ፤ ሰውነቱ ከዛለ፤ ድምፁ ቀጥኖ በሲቃ ካለቀሰ፤ ጀርባውንና አንገቱን ወደ ኋላ ከለጠጠ፤ ካንቀጠቀጠው፤ ካተኮሰው ወይም ከቀዘቀዘ። ጀርባውን ወደ ኋላ የሚለጥጥ ቢጫ ልጅ አንጎሉ እየተጎዳ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ ደቂቃም ዋጋ አለው። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ከነዚህ ምልክቶች አንዱም ሳይኖር ቢጫነት ብቻ ካያችሁ በዚያው ቀን የቅርብ ጤና ጣቢያችሁ ይበቃል። የደም ምርመራው እዚያ ከሌለ ሪፈር ይጻፉላችሁ። በመሀል ከተማ ጋንዲ መታሰቢያ፣ ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ ስድስት ኪሎ ያለው የካቲት 12 እና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታሎች የጨቅላ ሕፃናት ክፍል አላቸው። አልጋ ሊሞላ ይችላልና ወረቀት ይዛችሁ ከበር በር ከመዞራችሁ በፊት የላካችሁ ተቋም ደውሎ የሚቀበል ሆስፒታል እንዲያረጋግጥላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ከመውጣታችሁ በፊት አጥቡት። በመንገድ ላይ በእናቱ ደረት ገላ ለገላ ተለጥፎ ከላይ ጋቢ ይደረብበት። የመውጫ ወረቀቱን፣ የእናቲቱን የደም ዓይነት ውጤትና ያንን ሰዓት የጻፋችሁበትን ወረቀት አትርሱ።

ቢጫነት ባታዩም በ3ኛው ቀን ማስመርመር አይቅር። ወልዳችሁ በ24 ሰዓት ከወጣችሁ ቢጫነቱ የሚበረታው ቤት ከገባችሁ በኋላ ነውና።

የላቦራቶሪው ወረቀት

ደሙ ከተረከዙ ወይም ከእጁ ይወሰዳል። ወረቀቱ ላይ ሁለት ቁጥር ታገኛላችሁ፤ አንዱ ጠቅላላ ቢሊሩቢን፣ ሌላው ዳይሬክት የሚባለው፣ ጉበት ያጣራው ክፍል። መለኪያው ሚሊ ግራም ወይም ማይክሮ ሞል መሆኑን እዩ፤ 1 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ከ17 ማይክሮ ሞል በሊትር ጋር እኩል ገደማ ስለሆነ «310 ወጣ» ተብሎ የተደናገጠ አባት 18 ሚሊ ግራም ማለቱ ሊሆን ይችላል።

በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መሠረት ከ35 ሳምንት በኋላ የተወለደ ጤናማ ልጅ ብርሃን ውስጥ የሚገባው በ2ኛው ቀን 15፣ ከ3ኛው ቀን ጀምሮ 18 ሚሊ ግራም ሲደርስ ነው። ያለጊዜው ለተወለደ ወይም ተጨማሪ ስጋት ላለበት ልጅ ልኩ ወደ 10 እና 15 ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ቀን ከታየ ቁጥር ሳይጠበቅ ይጀመራል። ሆስፒታሎች በየሰዓቱ የተሰላ ሰንጠረዥ ሊጠቀሙ ስለሚችሉ የጎረቤት ልጅ በ16 ወደ ቤቱ ተመልሶ የእናንተ በ12 ቢተኛ አድልዎ አይደለም።

ሰማያዊው ብርሃን

ብዙ ሰው «ሙቀት ክፍል ገባ» ይላል። ሙቀት አይደለም የሚሠራው፤ ሰማያዊው ብርሃን ነው። ብርሃኑ ቆዳ ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ለውጦ ጉበት ሳያስቸግር በሽንትና በሐሞት እንዲወጣ ያደርገዋል። እንደ ራጅ ያለ ጨረር አይደለም፣ አያመክንም፤ ሁለቱንም ስጋት በጆሮዬ ስለሰማሁ ነው የምጠቅሰው።

ልጁ ዳይፐር ብቻ ለብሶ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ ይተኛል። የእናቲቱ ሥራ ሁለት ነው፦ በየ2 ወይም 3 ሰዓቱ ማጥባት፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ ከብርሃኑ አለማውጣት። ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ሁሉ ሊያቅፈው ሲያወጣው የሚባክነው ሕክምናው ነው። ብርሃኑን በነጠላ መጋረድም እንዲሁ። ዓይነ ምድሩ ቀጥኖ አረንጓዴ ቢሆን፣ ቆዳው ላይ ሽፍታ ቢወጣ አትደንግጡ። ብርሃን ውስጥ ያለን ልጅ በመልኩ አትገምግሙት፤ ምርመራው በደም ይደገማል፤ ከወጣ በኋላም ተመልሶ ሊጨምር ስለሚችል በማግስቱ አንዴ መለካቱ አይከፋም። ብርሃኑ ካልገታው ደም መቀየር ይኖራል፤ ከባድ ነው፣ አንጎልን ግን ያተርፋል።

ሁለት ሳምንት ካለፈ

14 ቀን አልፎት ቢጫ የሆነ፣ ግን በደንብ የሚጠባና ክብደቱ የሚጨምር ልጅ ብዙውን ጊዜ የእናት ጡት ወተት ቢጫነት ያለበት ነው፤ እስከ 12 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፣ ጡትም አይቋረጥም። እንዲህ ብሎ ለመገላገል ግን መጀመሪያ ዳይሬክት ቢሊሩቢኑ መመርመር አለበት። አንዳንድ ሕፃን የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ይወለዳል ወይም ቆይቶ ይዘጋል። ምልክቱ ዳይፐሩ ላይ ነው፦ ዓይነ ምድሩ እንደ ኖራ ወይም እንደ ነጭ ሊጥ ይነጣል፣ የአራስ ልጅ ሽንት ቀለም አልባ መሆን ሲገባው ዳይፐሩን በቢጫ ያቀልመዋል። የዚህ ልጅ ቀዶ ሕክምና ውጤቱ የሚያምረው 60 ቀን ሳይሞላው ሲደረግ ነው። «ለክርስትናዋ ትድረስና እናሳያታለን» የሚባል ነገር አለ፤ የሴት ልጅ ክርስትና በ80 ቀን ነው።

የነጣ ዓይነ ምድር ካያችሁ ዳይፐሩን አትጣሉት። በፌስታል ጠቅልላችሁ ይዛችሁት ኑ። በቃል ከምትነግሩን ይልቅ በመስኮቱ ብርሃን አብረን ብናየው ይሻላል፤ እኛ አንጸየፍም።